ልጆችንና ወጣቶችን በንባብ ጥናት ማሳተፍ፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዙሪያ ስለ ማንበብና መጻፍ አነስተኛ ጥናት ለማካሄድ ለሚያስቡ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ጀማሪ አጥኚዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአማርኛ የሚያስተምሩ የከተማና የገጠር ትምህርት ቤቶችን የሚመለከቱ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆኑ ልጆችንና ከ15 እስከ 20 የሆኑ ወጣቶችን ታሳቢ ያደርጋሉ።

በአገራችን ስለ ልጆች የማንበብ ችሎታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2010 እ.ኤ.አ. በስምንት ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ነው። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ያሳየው ይህ ምዘና ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ከዚያም በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ምዘና ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ እንጂ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምን እንደሚያነብ፣ ለማን እንደሚያነብ፣ ከማንበብ የሚሸሸውም መቼና ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው። የሚያውቀውን የሚያወጣው ግን አዋቂው ጥያቄውን ቆልፎ ካልመጣበት ብቻ በመሆኑ፣ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር ልጆቹን መልስ ከመስጠት በፊት ጥያቄ በማውጣቱ ሥራ ላይ ማስገባት ነው።

1. የተሳትፎውን ልክ አስቀድሞ መወሰን

«ልጆችን አሳትፈናል» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ሊሸፍን ይችላል። የልጆችን ተሳትፎ ያጠናው ምሁር ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ በኩል ባሳተመው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጦ፣ የታችኞቹን ሦስት እርከኖች፣ ማለትም ልጆችን መገልገያ ማድረግን፣ ለጌጥ ማቆምንና ለስም ያህል ማስቀመጥን፣ ከተሳትፎ አልቆጠራቸውም። በጉባኤ መክፈቻ ላይ አበባ እንዲያበረክቱና አዋቂ የጻፈላቸውን ንግግር እንዲያነበንቡ የሚጠሩ ልጆች ያሉት እዚያ ታች ነው። የሕፃናት መብቶች ምሁሯ ላውራ ለንዲ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው አሳብ ለልጅ ድምፅ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚናገርበት ቦታ፣ የሚያዳምጠው ባለሥልጣን እና የተናገረው ነገር በውሳኔው ላይ የሚታይበት መንገድ አብረው መኖር እንዳለባቸው አስረድታለች። ሁለቱም መሠረት የሚያደርጉት ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሲሆን፣ የስምምነቱ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ አሳቡን የመግለጽና አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው የማድረግ መብት ይሰጠዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው መካከለኛውን መንገድ እመክራለሁ። ልጆቹ ጥያቄውን አብረው ያወጣሉ፣ መጠይቁን ይፈትሻሉ፣ መረጃ በመሰብሰቡና በመለየቱ ሥራ ይሳተፋሉ፤ የመጨረሻውን ሪፖርት የሚጽፈውና ኃላፊነቱን የሚሸከመው ግን አዋቂው ነው። ይህን ወሰን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሯቸው። ልጆች የሚቀየሙት ትንሽ ስለተሰጣቸው ሳይሆን ብዙ ተስፋ ተሰጥቷቸው ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

2. ፈቃድ ማግኘት

የአዋቂዎቹ ፈቃድ መንገዱ የታወቀ ነው። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በምርምር ተቋም ስም የሚካሄድ ከሆነ ዕቅዱ በተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት አለበት፤ ቀጥሎ ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይወሰዳል፤ ደብዳቤው ለርዕሰ መምህሩ ይቀርባል፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም እንዲያውቀው ይደረጋል። ድምፅ የምትቀዱ ወይም ስም የምትመዘግቡ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ከወላጆች ጋር ሲደረስ ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። ቅጹን በልጁ እጅ ልኮ በማግስቱ የተፈረመ ወረቀት መቀበል ፈቃድ አይባልም፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቅጹን ለወላጁ የሚያነብለት ልጁ ራሱ ነው፣ አንዳንዴም የሚፈርመው እሱ ነው። ወላጆችን ሰብስባችሁ ቅጹን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ጥያቄ ተቀበሉ፣ መፈረም የማይችሉት በምስክር ፊት የጣት አሻራ እንዲያኖሩ አድርጉ። ከወላጁ ጋር የማይኖር ልጅ ብዙ መሆኑንም አትርሱ፤ ከአክስቱ ጋር የሚኖረው፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እየሠራች በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማረው፣ ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚያድረው ሁሉ አለ። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ የአሠሪዋ ፈቃድ የቤተሰቧን ፈቃድ አይተካም፤ አሠሪዋ ሳያውቁ መጥታ በኋላ ቢቆጧት ደግሞ የምትጎዳው እሷ ናት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲገጥማችሁ ከገምጋሚ ኮሚቴው ጋር ተመካክራችሁ ወስኑ፤ በራሳችሁ ብቻ አታድርጉት።

የልጁ የራሱ ፈቃድ ከሁሉም ይከብዳል። ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ መስማትና መታዘዝ ጨዋነት መሆኑን ተምሮ ያደገ ልጅ፣ ወረቀት የያዘ እንግዳ «ትሳተፋለህ?» ሲለው አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር ሌላ መልስ አይታየውም። ስለዚህ እምቢ ማለትን የምታቀሉለት እናንተ ናችሁ። አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ስለ ማንበብ ጥናት እያደረግን ነው። አንቺ የምታውቂውን እኛ ስለማናውቀው እንድትረጂን መጥተናል። ፈተና አይደለም፣ ማርክ የለውም፣ መምህርሽም አያየውም። ከፈለግሽ ትገቢያለሽ፣ ካልፈለግሽ ትተይዋለሽ፤ ከጀመርሽ በኋላም ማቆም ትችያለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። እስቲ አሁን የነገርኩሽን በራስሽ አነጋገር መልሰሽ ንገሪኝ።»

ልጅቷ «ፈተና ነው ብለውኛል» ብላ ከመለሰች ገና አልተግባባችሁምና ድገሙት። ከዚያም መልሱን በአፍ አትቀበሉ። ከመጋረጃ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ሁለት ጣሳ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ ወይም ቁጥሩ በውስጥ በኩል የተለጠፈበት ቆርኪ ስጡትና «እገባለሁ» ወይም «ይቅርብኝ» በተባለው ጣሳ ውስጥ ብቻውን ሄዶ ይጣል። ደብተርም ሆነ እስክርብቶ የምትሰጡ ከሆነ ለገባውም ላልገባውም እኩል ስጡ፤ አለበለዚያ ስጦታው ራሱ ማስገደጃ ይሆናል።

3. ተሳታፊዎችን መምረጥ

ርዕሰ መምህሩ «አሥር ተማሪ ስጡን» ሲባል ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን፣ ካልሆነም የአንድ ለአምስት ቡድን መሪዎቹን ነው የሚሰጣችሁ። ክፋት የለበትም፤ ትምህርት ቤቱን በመልካም ጎኑ ለማሳየት ነው። ጥናታችሁ ግን ስለ ማንበብ ከሆነ ከማንበብ ጋር ያልተስማማው ልጅ ካልገባበት ዋጋ የለውም። የክፍሉን ስም ዝርዝር ለምናችሁ ውሰዱና በየስድስተኛው ወይም በየስምንተኛው ስም ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ተመልከቱ፦ ሴቶች፣ ክፍል የደገሙ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለባቸው፣ በቤታቸው ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች አሉበት? ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትን፣ ሊስትሮዎችንና ሱቅ በደረቴ የሚሸጡትን የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ እነሱ በሚውሉበት ቦታ፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ሄዳችሁ ማነጋገር ነው፤ ለእነሱ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የአንድ ሰዓት ገቢ ነውና ይህን አስባችሁ ካሣ ያዙ።

አንድ ቡድን ከስድስት እስከ አሥር ልጅ ቢሆን ይበቃል። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይቀመጥ።

4. ቦታና ጊዜ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ዴስኩ ወደ ሰሌዳው በዞረበት፣ ልጅ ተማሪ እንጂ የጥናት ባልደረባ አይሆንም። ከተቻለ ቤተ መጻሕፍቱን ወይም የዛፍ ጥላ ምረጡ፣ ክብ ሠርታችሁ በእኩል ከፍታ ተቀመጡ፣ የክፍል መምህሩ እንዳይገኝ በትሕትና ለምኑ። ልጆቹ «ቲቸር» ሲሏችሁ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» እንዲሉ ንገሯቸው፤ «ቲቸር» እስከተባላችሁ ድረስ የሚሰጣችሁ መልስ የክፍል መልስ ነው።

ጊዜውን ስትመርጡ ከትምህርት ካሌንደሩ በተጨማሪ የአካባቢውን ኑሮ ተመልከቱ። በገጠር ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የገበያ ቀን ደግሞ ልጆች ይቀራሉ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሚኒስትሪ ፈተና ዋዜማ አትንኩ። ለመቆያ የምታቀርቡት ምግብ በጾም ወቅት የጾም መሆኑን አረጋግጡ፤ በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ባሉበት ሌሎቹን እያበሉ እነሱን ማስቀመጥ አይገባም፣ ስብሰባውን ማሳጠርና የሚሰጠውን ይዘው እንዲሄዱ ማድረግ ይሻላል።

5. ጥያቄውን ከልጆቹ ጋር ማውጣት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። «ስለ ማንበብ ምን መጠናት አለበት ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ የሚመጣው መልስ «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለው በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የተጻፈው ነው። በዚህ ፈንታ የጽሑፍ ቅኝት አድርጉ። እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዝና ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ፣ ከዚያም እስከሚተኛበት ሰዓት ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ይመዝግብ። በታክሲ መስተዋት ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፣ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው የግንብ ጽሑፍ፣ የሱቁ የዱቤ ደብተር፣ የሞባይል ካርድ ቁጥር፣ የእድር ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከባንክ የሚመጣ አጭር መልእክት፣ የእግር ኳስ ውጤት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ወይም የእንግሊዝኛ ሰሌዳ፣ በስልክ ላይ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት የጓደኛ መልእክት ሁሉ ይግባ።

በማግስቱ ዝርዝሩን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ልጆቹ ራሳቸው በሦስት ይክፈሉት፦ ለራሴ ያነበብኩት፣ ለሌላ ሰው ያነበብኩት፣ አይቼ ያለፍኩት። ሁለተኛውን ክምር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ለአያቷ የመድኃኒቱን መመሪያ፣ ለእናቷ የመብራት ቢል፣ ለጎረቤት ከዓረብ አገር ልጃቸው የላከችውን መልእክት የምታነብ ልጅ በክፍል ውስጥ «ደካማ አንባቢ» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። በአዋቂ የተዘጋጁ መጠይቆች «በሳምንት ስንት መጽሐፍ ታነባለህ?» ከሚለው ስለሚጀምሩ እንዲህ ያለው ንባብ አምልጧቸው ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎቹ በራሳቸው ይመጣሉ። «ማንበብ እየቻልን ክፍል ውስጥ ለምን ድምፃችን ይጠፋል?»፣ «ቤተ መጻሕፍቱ ለምን በእረፍት ሰዓት ይዘጋል?»፣ «ለቤተሰቡ የሚያነብ ልጅ በንባብ ይበረታል ወይስ ይሰለቻል?» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ከወጡ ሁሉንም ጻፉና ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቆርኪ ስጡት፤ በመረጠው ጥያቄ ላይ ያስቀምጥ፣ ከፈለገም ሦስቱንም በአንዱ ላይ ያድርግ። ብዙ ድምፅ ያገኙትን አንዱን ወይም ሁለቱን ያዙ። እናንተ የመጣችሁበት ጥያቄ ሳይመረጥ ከቀረና ለጽሕፈት ቤቱ ወይም ለገንዘብ ሰጪው መመለስ ያለበት ከሆነ፣ ምክንያቱን ነግራችኋቸው ጨምሩት።

6. መሣሪያዎቹን ማዘጋጀትና በልጆቹ ማስፈተሽ

የማንበብ ችሎታንም የምትለኩ ከሆነ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለውና ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ መለኪያ አትጠቀሙ። ፊደላችን 33 ዋና ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ቅርጾች ያሉት ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ልጆች ገበታውን በዜማ ስለሚያጠኑት «ሀ ሁ ሂ» ብለው ሲወርዱት ያነበቡ ይመስላል፤ ስለዚህ ፊደላቱን አዘበራርቃችሁ አቅርቡ። «ሙ»ን ስታሳዩት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «መ፣ ሙ» ብሎ ከግዕዙ ተነሥቶ የሚደርስ ልጅ ታገኛላችሁ። ይህን እንደ ስሕተትም እንደ ትክክልም ብቻ አትመዝግቡት፤ እንዴት እንደ ደረሰበት በጎን ጻፉ፣ «እንዴት አወቅኸው?» ብላችሁም ጠይቁት፤ ስለ ፊደል ትምህርቱ ብዙ የሚነግራችሁ ይህ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ያለፈ ልጅ ረጅም ጽሑፍ በቃሉ የመያዝ ልምድ ስላለው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ምንባብ አትስጡት፤ ዓይኑ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶም ንባቡ ይቀጥላል። ምንባቡ አዲስ፣ አጭርና የአካባቢውን ኑሮ የሚነካ ይሁን።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ። አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው፤ ልጅ ሲጽፍ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ቢል በጽሕፈት ልማድ ጥያቄ እንጂ ባለማወቅ አትቁጠሩበት፣ አዋቂዎቹ ራሳችን አልተስማማንበትምና። ሁለተኛው የሚጠብቁና የሚላሉ ድምፆች ናቸው። ጽሑፋችን ስለማያሳያቸው «ገና» ወይም «ይበላል» የሚለውን ቃል በትክክል ለማንበብ ዐረፍተ ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል። መጀመሪያ አላልቶ አንብቦ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ተመልሶ አጥብቆ ያረመ ልጅ የገባው አንባቢ ነው፤ በሰዓት መቁጠሪያው ግን ዘገምተኛ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት፣ ፍጥነት የግድ የጥናቱ ጥያቄ ካልሆነ ሰዓት አትያዙ። ከያዛችሁም አሳዩት፣ ምንነቱንም ንገሩት።

የመጠይቁ ጥያቄዎች ደግሞ መጀመሪያ ከቡድኑ ልጆች ፊት ይቅረቡ። የትኛው ጥያቄ እንደሚያሳፍር፣ የትኛው እንደማይገባ፣ የትኛው «ለሕፃን የሚጠየቅ» እንደሚመስል ይንገሯችሁ። «ቤታችሁ ስንት መጽሐፍ አለ?» የሚለው ምንም ለሌለው ልጅ የድህነት ምርመራ ነው፤ «በዚህ ሳምንት እጅህ የገባ የሚነበብ ነገር ምንድን ነው?» ቢባል ሁሉም የሚናገረው ይኖረዋል። «ማንበብ ትወዳለህ?» ለሚለውና በሚስቁና በሚያዝኑ ፊቶች ሥዕል ለሚመለሰው ጥያቄ ብዙ ዋጋ አትስጡ፤ ልጁ እናንተን ደስ ለማሰኘት የሚስቀውን ይመርጣል። ይልቅስ አንድ ተጨባጭ ሁኔታ አቅርባችሁ ምርጫውን ጠይቁት፦ «ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ምን ታደርግበት ነበር?»

7. ወጣት አጥኚዎችን ማሠልጠን

ወጣቶች በአገራችን የማንበብና የመጻፍ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ከሌላው ሥራ ጋር ፊደል አስቆጥረዋል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ያለ ወጣቱ ጉልበት አይታሰብም ነበር። ለዛሬዎቹ ወጣት አጥኚዎች ከሚሰጡት ጥሩ የመለማመጃ ሥራዎች አንዱ በሰፈራቸው በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠሩ አዛውንቶችን ማነጋገር ነው። እማማ ወይም አባባ መጀመሪያ ያነበቡት ነገር ምን እንደነበር፣ አሁን ያነቡ እንደሆነ፣ ከተዉ መቼ እንደተዉ መጠየቅ ለወጣቱ ቀላል፣ ለአዛውንቱም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለጥናቱም የቤተሰቡን የንባብ ታሪክ ይከፍታል።

ለሥልጠናው ሁለት ግማሽ ቀን ይበቃል። ስለ ምርምር ዘዴ ንግግር ከማብዛት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲጠያየቁ፣ ሦስተኛው ሰው ደግሞ እየታዘበ እንዲጽፍ አድርጉ። የሚለማመዱት ዋና ነገር ጠይቆ ዝም ማለት ነው፤ ተጠያቂው ሲያስብ መልሱን በአፉ አለማኖር፣ ስሕተት ሲናገርም አለማረም፣ የተባለውን እንጂ የመሰላቸውን አለመጻፍ።

አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ሁኑ፦ ልጅ የክፍል ጓደኛውን የማንበብ ችሎታ አይፈትን። ስለ ልማድ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቀው፤ ፊደል እያሳየ «ይህን አንብብ» ማለት ግን የአዋቂው ሥራ ይሁን። ማንበብ ያቃተውን ልጅ ያየ ጓደኛ ምንም ያህል ቃል ቢገባ በእረፍት ሰዓት በቁጣ መካከል ሊያወጣው ይችላል፣ በዚያ ልጅ ላይ የሚወጣው ቅጽል ስምም እስከ 8ኛ ክፍል ይከተለዋል። ወጣቶቹ 15 ዓመት ያለፋቸውና በደንብ የሠለጠኑ ከሆኑ በሌላ ትምህርት ቤት፣ አዋቂ በአጠገባቸው እያለ ሊመዝኑ ይችላሉ።

8. መረጃ በሚሰበሰብበት ጊዜ ለሚያጋጥም ነገር መዘጋጀት

ስለ ንባብ የተጀመረ ጨዋታ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። «ማታ የማላነበው መብራት ስለሌለ ነው» ያለ ልጅ ቀጥሎ «አባቴ ሰክሮ ሲመጣ እንደበቃለን» ሊል ይችላል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ በመጀመሪያው ቀን «የምትነግሩኝን ከስማችሁ ጋር አላወጣም፤ የሚጎዳችሁ ሰው እንዳለ ካወቅሁ ግን ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፣ ከመናገሬም በፊት ለእናንተ እነግራችኋለሁ» በሏቸው። ከመጀመራችሁ በፊት በወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማንን እንደምታነጋግሩ፣ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። ጤና ጣቢያው ለሌላም ያስፈልጋል፦ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ ወይም ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጠብብ ልጅ ችግሩ ከንባብ ሳይሆን ከዓይኑ ሊሆን ስለሚችል፣ ለወላጁ ነግራችሁ እንዲታይ አድርጉ፣ በመዝገባችሁም ላይ ለይታችሁ ጻፉት።

የልጆች ፎቶግራፍ አታንሡ። ያዩትን ጽሑፍ በስልክ እንዲያነሡ ከፈቀዳችሁም ሰሌዳና ወረቀት ብቻ እንጂ የሰው ፊት እንዳይገባበት፣ የሰው ቤት ወይም ሱቅ ሲሆን ባለቤቱን እንዲያስፈቅዱ አስተምሯቸው።

9. የተሰበሰበውን አብሮ መለየት

ከቃለ መጠይቆቹ ስም የሌለባቸውን አባባሎች በትንንሽ ወረቀቶች ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ መሬት ላይ ዘርጉ። ልጆቹ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ያድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ክምርም ስም ያውጡለት፤ ስሙን እናንተ አታውጡ። «ክፍል ውስጥ ሳነብ ይስቁብኛል» የሚለውን ወረቀት አንዱ «ፍርሃት» ከሚለው ክምር፣ ሌላዋ «የመምህር ጥፋት» ከሚለው ልታኖረው ትችላለች። ክርክሩን ለማስታረቅ አትቸኩሉ፤ አባባሉን በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ በሁለቱም ቦታ አኑሩት፣ ምክንያታቸውንም መዝግቡ። በሪፖርቱ ውስጥም የእናንተ አተረጓጎም ከልጆቹ ሲለይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝም የምትል ልጅ ካለች ወረቀት የማንሣቱን ተራ መጀመሪያ ለእሷ ስጧት።

10. ውጤቱን መመለስ

ውጤቱን ከማንም በፊት የሚሰሙት ልጆቹ ይሁኑ፤ ጽሕፈት ቤቱና ገንዘብ ሰጪው ከዚያ በኋላ ናቸው። አንድ ገጽ የሆነ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ማጠቃለያ አዘጋጁና ልጆቹ ያርሙት። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ እንዲነበብ፣ በወላጆች ቀንም በአፍ እንዲነገር አድርጉ፤ ወላጁ በጽሑፍ ከሚሰጠው ይልቅ በአፍ የሚነገረውን ይዞ ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በተገኙበት ልጆቹ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄዎቻቸውን ራሳቸው ያቅርቡ፤ ከመካከላቸው ለትምህርት ቤቱ ቀላል የሆነ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱን በእረፍት ሰዓት መክፈት የመሰለ አንድ ነገር ቢገኝ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው እዚያው በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የስም ጉዳይ ሁልጊዜ ያከራክራል። ልጆች የሠሩት ሥራ ላይ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፣ የጥናት ሥነ ምግባር ደግሞ ስም ደብቁ ይላል። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ አብረው ያጠኑትን ልጆች፣ እነሱም አሳዳጊዎቻቸውም ከፈቀዱ፣ በምስጋናው ገጽ በመጀመሪያ ስማቸው መጥቀስ፣ ማንም ምን እንዳለ ግን ከስም ጋር አለማያያዝ ነው። ልጁ ራሱ የመረጠውን የብዕር ስም መጠቀምም ይቻላል።

ድምፅ የተቀዳባቸውን ፋይሎች ወደ ጽሑፍ ከተገለበጡና ከተመሳከሩ በኋላ አጥፉ፤ የስም ዝርዝሩንና የቁጥር መለያውን በተለያየ ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ የጽሑፍ ቅኝቱን ማስታወሻ ደብተሮች ለልጆቹ መልሱላቸው፣ ንብረታቸው ናቸውና። ከዚያም በቀጣዩ መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ አንድ ቀን ተመልሳችሁ በቃለ ጉባኤው የተያዘው ነገር ተፈጽሞ እንደሆነ ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ፣ ካልተፈጸመም ምክንያቱን ኃላፊው ለልጆቹ እንዲነግራቸው ጠይቁ።